የኮምቦልቻ ጠዋት፦ ብርዱ ነው ወይስ ጭሱ?

በታኅሣሥ ወር ገና ሲነጋ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወርዳችሁ ታውቁ ይሆናል። የሐረጎን ቁልቁለት እንደተያያዛችሁት ከአንዱ ኩርባ ላይ ቁልቁል ስታዩ ከተማዋ የለችም። በቦታዋ ግራጫ ጋቢ ተዘርግቷል። ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይዋም የተራራውን ጫፍ ነክታዋለች። የጋቢው ጠርዝ ግን በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ያለ ነው።

"ጉም ነው" ይላል ረዳቱ። ሾፌሩ መብራት ያበራል። ትንሽ ቆይቶ እኛም ጋቢው ውስጥ ነን። መስኮት ከተከፈተ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ሽታው ነው፤ ናፍጣ፣ የእንጨት ጭስ፣ አንዳንዴም የተቃጠለ ላስቲክ። ጉም ደግሞ አይሸትም።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ እትዬ ብዬ የምጠራቸው ሴት፣ ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል። "ምን ሆነው ነው እትዬ?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው። "ብርድ ነው ልጄ፣ አብሽር።" እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ደረት ሲወጋ ብርድ፣ ጀርባ ሲይዝ ብርድ፣ ሕፃን ሲያቃስት ብርድ። አልፈርድባቸውም። ብርዱና ጭሱ በአንድ ሰዓት ይመጣሉ፤ በአንድ ሰዓትም ይሄዳሉ። ሁለት ሌባ አብረው ገብተው አንዱ ብቻ ሲያዝ ማለት ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስላልተያዘው ነው።

ድስቱና ክዳኑ

ሁላችንም ከምናውቀው እንጀምር። ደሴ ጃኬት ለብሳችሁ ትሳፈራላችሁ፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬቱ ክንዳችሁ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ። አየር በየ1000 ሜትር ከፍታው በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሐረጎን ስትወርዱ 4 ዲግሪ ገደማ ይሞቃችኋል። የቀኑ ሥርዓት ይኸው ነው፤ ታች ሙቅ፣ ላይ ቀዝቃዛ። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይነሣል። ጭሱንም ይዞት ይሄዳል።

በበጋ ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት አቅፎ የሚያቆይለት ደመና ስለሌለ ቶሎ ይበርዳል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ቀዝቅዞ ይከብዳል። በተራራው ወገብ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ቁልቁል እየተንሸራተተ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ኮምቦልቻ ተራራ የከበባት፣ የቦርከና ወንዝ የሚያልፍባት ሜዳ ናት። ሲነጋ ታች ቀዝቃዛና ከባድ፣ ላይ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ይሆናል። ከባዱ አይነሣም። ሞቃቱ ደግሞ ድስት ላይ እንደተገጠመ ክዳን ይተኛበታል።

ክዳኑ የሚነሣው ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነው። ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማው ያወጣው ሁሉ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይንገዋለላል። ያው የጭስ መጠን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢወጣ ነፋስ በትኖት ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲወጣ ግን ለትምህርት ቤት ልጆች ይከፋፈላል። በክረምት ችግሩ የሚቀለውም ለዚህ ነው፤ ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል፣ ደመናውም ክዳኑን አያስገጥምም።

ክዳኑ ሲከፋ ምን እንደሚያደርግ ዓለም የተማረው ከእንዲህ ዓይነት የሸለቆ ከተሞች ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዶኖራ የምትባል ከተማ አለች። በ1948 እ.ኤ.አ. 14 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ የብረትና የዚንክ ፋብሪካ ያላት። በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ክዳኑ ተገጥሞ ለአምስት ቀን ያህል አልነሣ አለ። ሰዉ "የተለመደው ጉም ነው" ብሎ ኑሮውን ቀጠለ። ቅዳሜ ዕለት የትምህርት ቤት የኳስ ግጥሚያ እንኳ ተካሂዷል፤ ተመልካቹ ኳሱ የት እንዳለ ለማየት እየተቸገረ። 20 ሰው ሞተ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታመመ። እሑድ የዚንክ ፋብሪካው ሥራ አቆመ፤ ዝናብም መጣ፤ ክዳኑ ተነሣ።

ኮምቦልቻ ዶኖራ ናት እያልኩ አይደለም። ፋብሪካዎቹም ጭሱም አንድ አይደሉም። እኔን የገረመኝ "ጉም ነው" ማለታቸው ነው።

ጭሱ የማን ነው?

ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ወደ ፋብሪካ ነው። ቢቀሰርም አይገርምም። ኮምቦልቻ ከድሮም የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ብዙ ሰው "ፋብሪካ በመብራት ነው የሚሠራው፣ ምን ጭስ አለው?" ይላል። ማሽኑ እውነት ነው በመብራት ይዞራል። ጨርቅ ለማቅለም፣ ቢራ ለመጥመቅ ግን እንፋሎት ያስፈልጋል። እንፋሎት የሚመጣው ከቦይለር ነው። ቦይለር ደግሞ የሚነድ ነገር ይበላል፤ እንደየቤቱ ነዳጅ ወይም ከሰል ወይም እንጨት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ነጭ ነገር ሁሉ ጭስ አይደለም። እንፋሎት ከሆነ ከማውጫው ጥቂት እንደራቀ አየር ላይ ሟሙቶ ይጠፋል። ጭስ ከሆነ ግን ጅራቱን እየጎተተ ሩቅ ይሄዳል። ጥቁር ከሆነ ደግሞ ነዳጁ በደንብ አልነደደም ማለት ነው። ያ ጥቁር ነገር ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ፣ ማለትም የባለፋብሪካው ገንዘብ ነው። ቦይለሩን ማስተካከል፣ ማውጫው ላይም ማጣሪያ መግጠም ይቻላል። ማጣሪያው በሐሳብ ደረጃ ከሻይ ማጥለያ ብዙ አይለይም፤ አየሩ ያልፋል፣ ጥላሸቱ ይቀራል።

ቀጥሎ መኪናው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወጣው አውራ ጎዳና እዚህ ያልፋል። በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚያወርደው መንገድም ከዚሁ ይገነጠላል። ተሳቢው ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁርስ ቤት የሚገባ ሾፌር አለ፤ ፍርፍሩ ተበልቶ ማኪያቶው ተጠጥቶ እስኪያልቅ መኪናው ደጅ ላይ ያጨሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የበየነው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጥሏል። ግን ያ ለሚገባው ነው። ቀድሞ የገባው አሁንም ሐረጎን እያጨሰ ይወጣል።

የኮረት መንገድ አቧራ አለ። ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠልም አለ፤ በተለይ ላስቲክና ጎማ።

ማንም ሊሰማው የማይፈልገው ደግሞ የራሳችን ማድቤት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ10 ቤት 9ኙ ገደማ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሁሉም ግቢ ምድጃ በአንድ ጊዜ ይለኮሳል። ያውም ክዳኑ እንደተገጠመ። ፋብሪካው ጭሱን የሚለቀው ከጭንቅላታችን በላይ ነው። ምድጃው ግን አፍንጫችን ሥር ነው። እናቶች ጭሱን ይበሉታል፤ ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ልጅም ይበላዋል።

ስምንት ቅንጣት ጨው

ጭስ ሲባል የሚታየንን ነው የምናስበው። ዋናው ጎጂ ግን የማይታየው ነው። ባለሙያዎች "ፒ ኤም 2.5" የሚሉት ብናኝ አለ። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ የፀጉርን ውፍረት ለመሙላት ወደ 30 የሚጠጉ ብናኞች መደርደር አለባቸው።

ተለቅ ያለውን አቧራ አፍንጫ ያስቀረዋል። ጠዋት ስትናፈጡ ሶፍቱ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር እንዲያውም ደህና ዜና ነው፤ ተይዟል። ደቃቁ ግን አፍንጫን አልፎ፣ ጉሮሮን አልፎ እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። እዚያ አየርና ደም የሚለያዩት እጅግ ስስ በሆነ ግድግዳ ነው። ሰውነት ባዕድ ነገር መጣብኝ ብሎ ይቆጣል፣ ያብጣል። የብናኙ ጥቂቱ ደግሞ ግድግዳውን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት የዚህ ብናኝ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት በአማካይ ከ5 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቁጥሩ አይጨበጥም፤ ስለዚህ በማድቤት ዕቃ እንለካው። 3 በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 2 ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። 15 ሲባዛ በ30፣ 450 ማይክሮግራም። አንድ ቅንጣት ደቃቅ የገበታ ጨው 60 ማይክሮግራም ገደማ ትመዝናለች። ስለዚህ ሰባት ስምንት ቅንጣት ጨው ዱቄት አድርጋችሁ ክፍሉ ሁሉ ውስጥ ብትበትኑ፣ የቀኑ ጣራ ሞላ ማለት ነው። በሩ በተዘጋ ማድቤት ውስጥ ያለ አንድ የእንጨት ምድጃ ይህን ጣራ በብዙ እጥፍ ያልፈዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ጭስ ሲባል ሳንባ ነው የሚታሰበው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከቤት ውጭ ባለው የአየር ብክለት ያለ ዕድሜያቸው የሞቱትን 4.2 ሚሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል። ከነዚህ ውስጥ 68 በመቶ ያህሉ የሞቱት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። የሳንባ ካንሰር ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ ያው ቁጣው ነው። በሳንባ የጀመረው እብጠት ወደ ደም ሥር ይሻገራል። ደም ሥሩ ይደነድናል፣ ደሙ ለመርጋት ይፈጥናል። ስለዚህ ግፊት ያለባቸው አባት ጠዋት ድንገት ሲወድቁ ማንም ጭሱን አያስታውሰውም። ለቅሶ ቤት "ደህና አድረው ነበር" እየተባለ ይወራል።

ሕፃናት ላይ ደግሞ ሳንባ ምች ይበረታል። ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ በላይ አየር ይተነፍሳሉ፤ ሳንባቸውም ገና እያደገ ነው። ነፍሰ ጡር እናት ብዙ ጭስ ስትተነፍስ የልጁ የልደት ክብደት ሊያንስ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ወሬውን ከኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ ፓፉን ኪሱ ውስጥ ሳይዝ ጠዋት ከቤት አይወጣም።

የሰኞ ደረት

ጎረቤቴ የሆነች ልጅ ፈትል ክፍል ውስጥ ትሠራለች። የፋብሪካውን ስም አላነሣም። "ሰኞ ሰኞ ደረቴን ጭንቅ ያደርገኛል" አለችኝ አንድ ቀን። "ማክሰኞ ይቀላል፤ ሐሙስ ምንም የለም። እሑድ ስላረፍኩ ሰውነቴ ሰንፎ ነው መሰለኝ።" ስንፍና አይደለም። ለዚህ ሕመም ስም አለው፤ ባይሲኖሲስ ይባላል፣ ከጥጥ ብናኝ ይመጣል። የእረፍቱ ቀን አልፎ ወደ ብናኙ ሲመለሱ ደረት መጨነቁ የታወቀ ምልክቱ ነው። ገና ሲጀምር ከብናኙ ቢርቁ ይድናል። ዓመታት ካለፉ ግን ሰኞ ብቻ መሆኑ ይቀርና የየቀን ይሆናል፣ ሳንባውም አይመለስም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ "ያስለኛል" ብቻ አትበሉ። ምን እንደምትሠሩና በየትኛው ቀን እንደሚብስባችሁ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ አይጠየቅም።

ወተቱስ? ልጅቷ ከፈረቃ ስትወጣ ወተት ትጠጣለች፤ አቧራውን ያጥባል ተብላ። ጋራዥ የሚሠሩም፣ ቀለም የሚቀቡም እንዲሁ ያደርጋሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ይጠጣ። ግን የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው። ብናኙ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል መንገድ የለም። ነጠላን ወይም ሻሽን አፍ ላይ መጠቅለልም አቧራውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ደቃቁን አያስቆመውም። የሚይዘው ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥመው ማስክ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን አንብባችሁ ሳል ሁሉ ከጭስ ነው እንዳትሉ። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ካለ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ማስመርመር ነው። ቲቢ ከጭስም ከብርድም ጀርባ መደበቅ ይችላል።

ለደሴ ሰዎች

ደሴ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ከኮምቦልቻው ክዳን አመለጠች ትላላችሁ። የሷም መሐል ከተማ በነጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ ጠዋቷ ጭስ አያጣም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ደሴ ትበርዳለች። ሰው ማታ ከሰሉን ምድጃ ላይ አድርጎ መኝታ ቤት ያስገባል፣ በር ይዘጋል፣ ይተኛል። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን "አሁን ደህና ነው" ይባላል። ቀይ ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። አይታይም፣ አይሸትም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ራስ ያማል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የተኛ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ሲመጣበት አያውቅም። ይህን በዓመታት ከሚገድለው ጭስ ጋር አታምታቱት፤ ይሄኛው በአንድ ሌሊት ነው። ከሰል ባለበት ክፍል አይተኛም።

ምን ይደረግ?

ክዳኑን ማንሣት አይቻልም። ሰዓቱን ግን ማወቅ ይቻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በአስፋልቱ ዳር ሶምሶማ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ። ስፖርቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሯጭ ግን ከቆመ ሰው በብዙ እጥፍ አየር ይስባል፤ ያውም በአፉ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ፣ ከዋናው መንገድም ራቅ ተብሎ ቢሮጥ ያው ድካም ለጥቅም ይውላል። መስኮት ጠዋት ሲነጋ ከመክፈት 4 ሰዓት ላይ መክፈት ይሻላል። ማድቤቱ ግን ምድጃው እየነደደ መቼም ቢሆን መዘጋት የለበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ቢያንስ እንጀራውን ከጭስ ገላግሏል፤ መብራት ካልሄደ።

ስለ ፋብሪካውስ ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙ ሰው መብቱን አያውቀውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። አካባቢን የሚጎዳ ነገር ያየ ማንኛውም ሰው ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ማመልከቻ ስትጽፉ "ጭሱ አስቸገረን" ብቻ አይበቃም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጭሱን ቀለም ጻፉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡ። እንፋሎት ከሆነም ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ መሳቂያ ትሆናላችሁ።

ይህን ሁሉ ለእትዬ በቡና ሰዓት ነግሬያቸዋለሁ። ሰሙኝ። ባለፈው ሳምንት ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው ያስገቡት። እጣኑን ግን "ያለ እጣን ምን ቡና አለ?" ብለው ሳሎን ውስጥ አጨሱት። አቦሉ ሲቀዳ ተነሥቼ በሩን ገርበብ አደረግኩት።

"ዝጋው ልጄ" አሉኝ፤ "ብርድ ይገባል።"